እናቴ ያስጾመቻት ውቢት

ሰው የራሱን ኑሮ መምራት ሲያቅተው የሌላውን መምራት ያምረዋል። አትቆጡ! እኔም ከእናንተው ነኝ። እንዲያውም እኔ ሳልብስ አልቀርም... ሰባት ዓመት ሙሉ የሌሉ ሰዎችን ሽንት ቤት ስሰድ ኖሬአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኑሮ ጨዋታ የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ሰው ትፈጥራላችሁ፣ ስም ታወጣላችሁ፣ ቤት ትሠሩለታላችሁ። ከዚያ ጠዋት ትቀሰቅሱታላችሁ፣ ታበሉታላችሁ፣ ታጥቡታላችሁ፣ ሥራ ትሰዱታላችሁ፣ ሲደርስም ትድሩታላችሁ። አሸናፊ የለው፣ ተሸናፊ የለው! “ታዲያ ምኑ ነው የሚያጓጓው?” ትሉ ይሆናል። እኔ እንጃ። ወረታ ላይ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳገላብጥ እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ የገዛ ሳህኔ ሳይታጠብ ተቆልሎ የእነሱን ሳህን ለማሳጠብ እሮጣለሁ። ምክንያቱን ዘንድሮ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ያውም ነፍስ አጥፍታ።

የእኔዎቹ ታዲያ ተራ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። አምስት ትውልድ ናቸው! የመጀመሪያውን ሰውዬ የፈጠርኩት ኮምፒውተሬ ገና አዲስ ሳለ ነው። ወለዱ፣ ከበዱ፣ አረጁ፣ ሞቱ። አሁን ከዘሩ የቀረችው ውቢት የምትባል አንዲት ወጣት ብቻ ነበረች። ውቢት ሳትወልድ ከሞተች ዘሩ ጠፋ፣ የሰባት ዓመት ልፋቴም አፈር ገባ ማለት ነው። ስለዚህ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቃት።

እናቴ የምትኖረው ቁሐር ሚካኤል ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ “ዓይኔ አላይ አለኝ” ብላ ወረታ መጣችና መነጽር ተገዛላት። ልትመለስ ስትል ግን በመንገዷ ያለው ሜዳ ውኃ ተኛበት፤ የሩዙ ማሳና መንገዱ አልለይ አለ። “ውኃው እስኪጎድል እኔ ዘንድ ቆዪ” አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ቤቱን ስትቃኝ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

“ይች ደሞ ማናት?”

“የልጅ ልጅሽ ናት” አልኳት። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። የልጅ ልጅ ጥያቄ ሳይመጣ ቀድሜ መልሼ መገላገሌ ነበር።

“አባቷስ?”

“ሞቷል።”

“አየ፣ ምስኪን!” አለችና ወንበር ሳበች። ከዚያ ወንበር ያነሣት የለም። በሁለተኛው ቀን ማውሱን እንደ ጫጩት በሁለት እጇ አቅፋ ውቢትን ታዛት ጀመር።

“ጎረቤት ሲገባ ቁጭ ትላለች እንዴ? ተነሽ እንጅ አንች!” ጠቅ ስታደርግ ውቢት ብድግ! እናቴ በደስታ ወደ እኔ ዞር አለች። “ጨዋ ልጅ ናት፤ የሚነግራት አጥታ ነው።” መቼም በማን እንደፈረደች ገብቷችኋል።

“ምን ቋንቋ ነው የሚነጋገሩት?”

“የራሳቸው ነው እምዬ። ትርጉም የለውም።”

“ግእዝ ያልተማረም ቅዳሴውን እንዲያ ነው እሚል” አለችኝ።

በዚህ መሐል ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታን ደግሞ እናቴ ቤት ሕፃን እንኳ ይጾማታል። ገና በማለዳ ጩኸቷን ሰምቼ ከመኝታዬ ዘልዬ ወጣሁ።

“ትርንጎ! ልጅሽ ገደፈች! ፊቷን ሳትታጠብ ሥጋ በላች!”

“እምዬ፣ እሷ ጾም አታውቅም።”

“ያላስተማርሻትን ከየት ታውቅ?”

ሥራ ረፍዶብኛል። እናም በሕይወቴ የማልረሳውን ስሕተት ሠራሁ። “እሺ፣ አንቺው አስጹሚያት” ብዬ የወጥ ቤቱ በር እንዴት እንደሚቆለፍ አሳየኋት። “ስትጨርሺ ደግሞ ይችን ተጫኝ፤ የደረስንበትን ታስቀምጥልናለች” አልኳት። እናቴ ሁለቱንም ደጋግማ ተለማመደች። ጎበዝ ተማሪ ናት።

ያልነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የእነ ውቢት አንድ ቀን በእኛ ግማሽ ሰዓት አይሞላም!

እናቴ ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ነጠላዋን ለበሰች፣ ወጥ ቤቱን ቆለፈች፣ “ቅዳሴ ሲወጣ መጥቼ አበላሻለሁ” ብላ ውቢትን አጽናናቻትና ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠፋው መብራት ያን ዕለት ድርግም ሳይል ዋለ! ምነው ለአንድ አፍታ እንኳ... ቅዳሴው ለእናቴ ሦስት ሰዓት ነው። ለውቢት ግን ሰባት ቀን አክፍሎት ሆነባት።

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ቢሮ ስልኬ ጮኸ።

“ትርንጎ! እልል በይ!”

“ምን ተገኘ?”

“የልጅቱ ጾም ሠመረላት። መነኩሴ መጡላት!”

“የምን መነኩሴ?”

“ጥቁር የለበሱ፣ ቆባቸውን ፊታቸው ድረስ የደፉ። ማጭድም ይዘዋል፤ መቼም የገዳም ሰው ሥራ አይፈታ።”

እኔ ያንን “መነኩሴ” አውቀዋለሁ። የጨዋታው ሞት ነው፤ አራት ትውልድ የወሰደብኝ እሱ ነው! “ውቢትስ? ውቢት ምን እያደረገች ነው?”

“መሬት ተደፍታ እየሰገደች ነዋ! ቀናም አላለች።”

ፋይሉን በትኜ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገብቼ “ንዳው!” ብዬ ጮኽኩ። ሾፌሩ ደነገጠ፤ “ምነው እኅቴ?” ሲለኝ “ልጅ እየሞተችብኝ ነው!” አልኩት። ሰውዬው አዝኖልኝ ጭቃውን እየሰነጠቀ በረረ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ባየኝ ቁጥር “ልጅቱ እንዴት ሆነች?” ይለኛል። “ደኅና ናት” እላለሁ... ምን ልበለው?

ስደርስ ውቢት የለችም። በቦታው አንድ የመቃብር ድንጋይ ቆሟል።

“መነኩሴው ሄዱ” አለች እናቴ በቀስታ። “ድንጋይ ተክለዋል፤ ጸበል ሊፈልቅበት ነው መሰለኝ። እኔም ያልሽኝን አልረሳሁም። በረከቱ እንዳይጠፋ ይችን ተጫንኋት።”

አስቀመጠችው! ሞቷን ከነድንጋዩ! መመለሻ የለም። እኔ ወለሉ ላይ ዘጭ ብዬ ጮኽኩ። ነገሩን ሳስረዳት እናቴ መነጽሯን አውልቃ ከእኔ ብሳ አለቀሰች። ቀጥላ ቁሐር ለነፍስ አባቷ ደወለች።

“አባቴ፣ ይፍቱኝ። ያስጾምኋት ልጅ ሞተችብኝ።”

“በስመ አብ! የማን ልጅ ናት?”

“የኮምፒውተር።”

“ወለተ ማርያም” አሉ መምሬ በመጨረሻ፣ “መነጽሩ ሳይከብድሽ አልቀረምና ወርወር አድርጊው።”

በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ያን ዕለት ግን ተናድጃለሁ። “ምን አጣብቆሽ ነው?” ብዬ ጮኽኩባት። “ቀኑን ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ተጎልተሽ! ምኗ ነው እንዲህ ያስወደደሽ?”

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። “ስጠራት ትመጣለች” አለች።

እናቴ እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። “ምነው አንድ ቀን ብቅ ብትይ?” ትለኛለች። ቁሐር ከወረታ አፍንጫ ሥር ነው። እኔም ሁልጊዜ “ሥራ በዝቶብኝ ነው እምዬ” እላታለሁ። ሥራው ምን ነበር? ውቢትን ማጠብ! አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ። ለካ ለሰባት ዓመት የጨዋታው ጣዕም ይኸው ኖሯል፤ የጠሩት ሰው ብድግ ብሎ ሲመጣ።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍኜ ከእናቴ ጋር ቁሐር ወረድኩ። ባጃጁ ጭቃ ፈርቶ መንገድ ላይ ጣለን፤ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ ውኃውን እስከ ባታችን እየተሻገርን ገባን። የልጅነት ቤቴ ደረስኩ፣ እግሬን ታጠብኩ፣ መደቡ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

“ትርንጎ!” አለች እናቴ ከጓዳ።

“አቤት!”

“ነይ ብይ!”

“መጣሁ!”

አለመምጣቴን ያወቅኩት ለሦስተኛ ጊዜ ስትጣራ ነው። እየተንደረደርኩ ጓዳ ገባሁ። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘችኝና በረጅሙ ተነፈሰች።

“ያችኛዋስ ባንድ ጥሪ ነበር እምትመጣ።”