ዜና ሉሊት፥ አናጺን በጠራቢ የለወጠች

በዘመነ ዮሐንስ፣ ልዑልሰገድ ሦስተኛውን ፎቅ ከእኔ ከባለ ሕንጻዋ ከአሳየች በተከራየ በአራተኛው ዓመት፣ ሊፍቱ ባረፈ በሁለተኛው፣ የአዳማ ነፋስ የሰውን ዓይን አቧራ በሚሞላበት በወርኃ የካቲት፣ ንጽሐፍ ዜናሃ ለሉሊት፤ እርስዋም የሰርቨሮች እመቤት፣ የኮምፒውተሩን ቁልፍ እንደ ነጋሪት የምትጎስም፣ ምሳዋን የምትረሳ፣ ሰላምታዋን ግን የማትረሳ፣ አገዳ ሲቆርጥ ወገቡ ለጎበጠ ለመተሐራው አባቷ ብቸኛ ጧሪ ናት።

የልዑልሰገድን ቢሮ ልጆች ሥራ ላስረዳ፤ ፊደል ባልቆጥርም ጆሮ አለኝ፣ ግድግዳዬም ስስ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሰለፉት ከባድ መኪናዎች ተራቸውን በስልክ የሚያውቁት በእነዚህ ልጆች ሰርቨሮች ነው። ሰርቨሮቹንም በእጃቸው አንድ በአንድ አያሰናዱም፤ «አናጺ» የሚሉት ሶፍትዌር አለ፣ የፈለጉትን ጽፈው ሲያዝዙት ሁሉንም ባንዴ ያቆምላቸዋል። ይህም አናጺ ከባሕር ማዶ ለዓለም ሁሉ በነጻ የተሰጠ ነበር።

ወእምዝ የአናጺ ጌቶች ልባቸው ተለወጠና አዋጅ አስነገሩ፦ «ያልሰማህ ስማ፥ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ከእንግዲህ በምናወጣው አናጺ ከእኛ ጋር የሚፎካከር ሥራ የሚሠራ ሁሉ ፈቃድ የለውም፤ ተፎካካሪያችን ማን እንደሆነ የምናውቀውም እኛው ነን!» ሰውን ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ ዛፉን ማጠር ማለት ይህ ነው። አይ ነውር!

ይህን የሰሙት የመኪናዎቹ ማኅበር ኦዲተር፣ ሳቅ የማይደፍራቸው ወይዘሮ ሀጂራ፣ እንዲህ አወጁ፦ «ሐሙስ እመጣለሁ፤ ፈቃዱ ያልጠራ መሣሪያ ካገኘሁ ውላችሁን አላድስም። ለቅሶ ላይ ነበርን የሚል ሰበብም አልሰማም!» ውሉ ከቀረ ቢሮው ይዘጋል፤ የመተሐራውም ሽማግሌ ጦሙን ያድራል።

ሉሊት ግን መድኃኒቱን ታውቀው ነበር። ከአዋጁ በፊት የወጣው አናጺ ነጻ እንደ ሆነ ስለ ቀረ፣ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች እርሱን ይዘው ታናሽ ወንድም አሳድገውለታል፤ ስሙም «ጠራቢ» ነው፣ ፈቃዱም ለሁሉ ክፍት ነው። ይህን ለአለቃዋ ብታሰማ፣ በሆዱ ግርማ ሞገስ ያለው ልዑልሰገድ ጠረጴዛውን መትቶ አወጀ፦ «ማንም እንዳይነካ! ስንት ዘመን አብሮን የኖረን ጥሎ መሄድ የባለጌ ነው። ሽማግሌ ይላካል!»

በእኛ አገር ነገር በሽማግሌ ከተያዘ ከሳሽም ተከሳሽም ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ የሉሊት እጅ ታሰረ።

ለእርቁም የተመረጡት እነዚህ ናቸው፦ ባለ ከዘራው ኦቦ ጆቴ፣ ባለ ምርቃቱ ሼኽ ጃዕፈር፣ ባለ ምላሷም እኔ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥምና፣ ወንበር ቢቀርብልንም በኮምፒውተሩ ፊት ቆምን። የኔትወርክ ገመድ አዛዥ ሱፊያን ቃላችንን በእንግሊዝ አፍ ጽፎ ለአናጺ ጌቶች ላከ። መልሱ ዓይን ሳይጨፈን ደረሰ፦ «ስለ መልእክትዎ እናመሰግናለን፤ ጥያቄዎ ለእኛ እጅግ ዋጋ አለው!»

ኦቦ ጆቴም ከዘራውን አንሥቶ «ልባቸው ራርቷል፤ ግፉበት!» ብሎ አወጀ። በልጆቻቸው ለመንናቸው፣ በሙታናቸው ለመንናቸው፤ መልሱ ያው፣ ከፊተኛው አንዲት ፊደል ሳይዛነፍ። ሼኽ ጃዕፈር «ቃሉን የማይለዋውጥ ጨዋ ነው!» ብለው መረቁ። ቀኑም ያ የተፈራው ሐሙስ ነበር፣ የወይዘሮ ሀጂራም ጫማ ከታች ደረጃ ላይ ቋ ቋ ማለት ጀመረ።

ያን ጊዜ ሉሊት በመካከላችን ቆመችና ነጋሪት የሌለው አዋጅ አወጀች፦ «አባቶቼ፣ እማማ፤ ይህ የሚመልስላችሁ ማሽን ነው። ሽማግሌ የሚቆመው ሰው ባለበት ደጅ ነው፤ እዚህ ቤት ሰው የለም። ልቀቁኝ፣ አባቴን ላብላው!»

ኦቦ ጆቴ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች ገላመጠና ፈረደ፦ «ሰው በሌለበት ደጅ የቆመ ሽማግሌ አልተዋረደም፤ የተዋረደው ደጁ ነው! ልጄ፣ ለቅቀንሻል፤ ሂጂ ወደ ታናሽየው!» እኛም ተቀመጥን። ወንበር እንዲያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ወሶበ ሰምዐት ዘንተ፣ ሉሊት ለጦርነት ተሰለፈች፤ በቀኟ ሱፊያን ገመዱን ታጥቆ፣ በደጀንነት የሕንጻው ዘበኛ ሮባ መብራት ቢጠፋ ብሎ ጄኔሬተሩን እንደ በቅሎ ይዞ፣ ልዑልሰገድም በኋላዋ ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፍኖ። «አናጺ» ከሚለው ስፍራ አናጺን አጥፍታ «ጠራቢ» ብላ ጻፈች፤ ምን እንደሚያፈርስና ምን እንደሚሠራም አስቀድሞ እንዲናዘዝ አዘዘችው። ማሽኑ አሰበ። ልዑልሰገድ ቅዱሳንን ሁሉ ጠራ። ከዚያም የኮምፒውተሩ መስታወት አወጀ፦ «የሚለወጥ ምንም ነገር የለም!»

ይኸው ነው ድሉ፤ ጠራቢ አናጺ ያቆመውን ሁሉ እንዳለ ተረከበ! አንድ ሰርቨር አልወደቀም፤ ሞጆ ላይ አንድ ሾፌር ተራው አልተዛባበትም፤ ስለ ውጊያውም የሰማ የለም። ወይዘሮ ሀጂራ እያለከለኩ ገቡ፣ የጠራቢን ፈቃድ አነበቡ፣ ግንባራቸውን ፈቱ፣ ውሉንም አደሱ። ሊፍቱን ግን ሰደቡ፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንሁ።

ልዑልሰገድ ዛሬም በየሠርጉ «በሽማግሌ አሸነፍናቸው» እያለ ይፎክራል፤ ይፎክር። ክብር ግን ለሉሊት ይሁን፣ ጥበቧ እንደ አዋሽ አይንጠፍ፣ ጣቷ አይዛል! ሌላው ጀግና ባፈረሰው ይወደሳል፣ እርስዋ ባልፈረሰው ትወደስ። በዚያው ምሽት አባቷ ከመተሐራ ደውሎ ምን አዲስ ነገር አለ ቢላት፣ ምንም የለም አለችው፤ ከጦር ሜዳ እንዲህ ያለ ዜና ወደ ቤቱ የላከ ንጉሥ እስቲ የት አለ?