«ሐኪም» የተባለው ወረፋ

ወረፋ ላይ የቆመ ሰው የሰልፉ ርዝመት አያስፈራውም። ረጅም ሰልፍማ አመላችን ነው፤ ከፊታችን ካለው ጋር ስለ ኑሮ እያማረርን፣ ከኋላችን ያለውን «መጣሁ፣ ቦታዬን ጠብቅልኝ» እያልን ስንቱን ገፍተነዋል። ሰው የሚፈራው ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ይሄ እኮ የእርስዎ ወረፋ አይደለም» መባልን ነው። እኔ አንድ ጊዜ መታወቂያ ላሳድስ ቆሜ ለካስ ሰልፉ የውሃ ቆጣሪ ኖሯል። የሚያናድደው ደግሞ ግማሽ ላይ ስደርስ ጠርጥሬ ነበር። ግን ማን ይወጣል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረፋ የያዘ ሰውም ሦስተኛ ሆኖ ይጨመርልኝ።

ይህን የማወራችሁ እንጀራዬ ወረፋ ማስያዝ ስለሆነ ነው። የሰው አይደለም፣ የመልእክት። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ የግል ሆስፒታል የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። እናንተ መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ የምትመለሱ ሰዎች፣ ይህ «ሲስተም» የሚባለው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ሻይ ልጠጣ የወጣሁ ጊዜ ነው «የለም» የምባለው።

ነገሩን ባጭሩ ላስረዳችሁ። ሆስፒታላችን አንዳንድ የደም ምርመራዎችን አይሠራም። ስለዚህ ደሙ በጠዋት ሚኒባስ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ወዳለ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ውጤቱ ግን በሚኒባስ አይመለስም፤ በእኔ ፕሮግራም ሽቅብ ይመጣል። ኮምቦልቻ ያለው ፕሮግራም ይልካል፣ ደሴ ያለው ይቀበላል፣ በመካከላቸው ወረፋ አለ። መልእክቶቹ እዚያ ተሰልፈው ይቆሙና ተቀባዩ በየተራ ይጠራቸዋል። ወረፋው ስም አለው፤ ላኪም ተቀባይም ያንኑ ስም ፊደል ሳይዛነፍ በየራሳቸው ቅንብር ላይ መጻፍ አለባቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ የተለየ ጥበብ እንደሌለው ለአለቃዬ እንዳትነግሩብኝ እንጂ።

የወረፋው ስም ድሮ በእንግሊዝኛ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ የኩራት መንፈስ ተነሳብኝ። በገዛ ቋንቋችን ቢሆን ምን ይለዋል? ኮምፒውተሩ እንደሆነ ፊደላችንን ከለመደ ቆይቷል። ወዲያው ለመዲና ደወልኩላት። መዲና ኮምቦልቻ ያለውን ፕሮግራም የምትጠብቅ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ፈጣን ናት፣ ነገር ሲደጋገም አትወድም።

«ከዛሬ ጀምሮ የወረፋው ስም ‹ሐኪም› ነው» አልኳት።

«‹ሀኪም›። ገባኝ» አለችና ዘጋችው።

እሷም ጻፈች፣ እኔም ጻፍኩ። የሁለታችንም ስክሪን «ተገናኝቷል» ብሎ አረንጓዴ አበራ። የሙከራ መልእክት መላክ ነበረብኝ፤ አረንጓዴ እያየሁ ምን ያስቸኩለኛል ብዬ ሄድኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እንደኔ ሳይቸኩል ስላፈሰሰ ሰው ግን የተባለ ተረት አላውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ሸህ እንድሪስ ከቢስቲማ ልጃቸውን ከድጃን ይዘው መጡ። ስምንት ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር ናት፤ እግሯ አብጧል፣ ራሷን ያማታል፣ የደም ግፊቷ ሲለካ ነርሷ ድጋሚ ለካች። ሐኪሟ ደም አስቀድታ ወደ ኮምቦልቻ ላከችና ቁርጡን ተናገረች። የጉበቷና የደሟ ውጤት ደህና ከሆነ እየተከታተልን እንጠብቃለን፣ ካልሆነ ዛሬውኑ በኦፕሬሽን ትወልዳለች፤ ሳላይ ግን በዚህም በዚያም አልወስንም አለች። ውጤቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ መድረስ ነበረበት።

አምስት ሰዓት ሆነ፣ የለም። ሐኪሟ በቢሮዬ በር አንገቷን አስግጋ «መጣ?» አለችኝ። «አሁን ይመጣል» አልኳት። በአምስት ሰዓት ከሩብ ተመለሰች። በዚህኛው ጊዜ ገብታ ስክሪኑን ራሷ አየችው፤ እሱ ባሰብኝ።

ለመዲና ደወልኩላት። «ገና ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት ነው እኮ የላክነው። ‹ተልኳል› ይላል» አለች።

«እኔ ጋ የለም። በይ እስቲ ቁጥሩን በስልክ አንብቢልኝ።»

«ከየት አምጥቼ? ከተላከ በኋላ ከስክሪናችን ይጠፋል። ምስጢር ይጠበቅ ብለህ እንዲጠፋ ያደረግኸው አንተ አይደለህ?»

እኔ ነኝ። በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦልኛል። የላቦራቶሪው ሰዎች በተረፈው ደም ምርመራውን ከመጀመሪያው ሊደግሙ ተነሱ፤ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል ተባለ። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች። የከድጃ ግፊት እንደገና ጨምሯል።

ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል፤ በቀትርም ጋቢ የማይጠላባት ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ነው ሰው የሚያልበው። ያን ቀን ግን ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር። ኔትወርኩን ፈተሽኩ፣ ደህና ነው። ፕሮግራሙን አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ሰላም ብሎ ተነሳ። የይለፍ ቃል ቀየርኩ። ሰርቨሩ ያለበትን ክፍል ከፍቼ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ነካካኋቸው፤ የማውቀው ነገር ኖሮ ሳይሆን እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። አንድ ቀይ መብራት ቢበራ፣ አንድ «ስህተት» የሚል ጽሑፍ ቢወጣ በደስታ እጨፍር ነበር። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ሁሉም ደህና ነኝ ይላል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሸህ እንድሪስ ከቢሮዬ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። ቢስቲማ ላይ ልጆች ቁርኣን የሚያቀሩ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባን ሳያልፍ አይቀርም። ወጣ ስል ቀና አሉ።

«ልጄ፣ የከድጃ ወረቀት አልመጣም?»

«እየመጣ ነው አባባ፣ ትንሽ ነው የቀረው።»

ዋሸሁ። እሳቸው ፊቴን አይተው «አብሽር፣ አላህ ያግራዋል» አሉኝ። ልጃቸው ከግድግዳው ባሻገር ተኝታ፣ እኔን ያጽናናሉ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ተመልሼ መዲናን ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌ አገኘኋት። ከመጀመሪያው፣ መስመር በመስመር እናንብበው ተባባልን። አድራሻው? ያው ነው። የመግቢያ በሩ ቁጥር? ያው ነው። የወረፋው ስም?

«ሀኪም» አለች።

«ሐኪም» አልኩ።

«ሀኪም ነው የጻፍኩት ወላሂ!»

«እኔም ሐኪም ነው ያልኩት! ሐኪም! ሐኪም!» ጮህኩ መሰለኝ።

ሸህ እንድሪስ በሩ ላይ ቆመዋል። «ሐኪም» ሲባል ሰምተው ልጄን ምን አገኛት ብለው ደንግጠው ነው የመጡት። የኮምፒውተር ነገር እንደሆነ ስነግራቸው እፎይ አሉ፤ ግን አልሄዱም። የሆነ ነገር ከንክኗቸዋል። አርባ ዓመት ያቀራ ሰው በጭንቅ ቀን እንኳ ጆሮው ሥራውን አይተውም።

«ሁለታችሁም ታበላሹታላችሁ» አሉ።

«ምኑን አባባ?»

«ቃሉን። ሐኪም ነው፣ ከጉሮሮ፣ ሐ!» ድምፁ ከደረታቸው ውስጥ ተፍቆ የወጣ ይመስላል። «እናንተ በትንፋሽ ብቻ ሀ ትላላችሁ። ሁለቱ እኮ የተለያዩ ሐርፎች ናቸው። እኔ ጋ የሚቀራ ልጅ እንዲህ ካለ አላሳልፈውም።»

የተለያዩ ፊደሎች ናቸው።

ልጅ ሆነን መምህራችን ያስጮሁን የነበረው ትዝ አለኝ፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ምላሳችን ሦስቱን ካጋባቸው ስንት ዘመኑ ነው! በወረቀትም ቢሆን አንዱን ባንዱ ብንለውጥ ማንም አይቆጣን፤ አንባቢ ያርመዋል።

«መዲና፣ ስሙን በየትኛው ነው የጻፍሽው?»

«በየትኛው ማለት?»

«በሃሌታው ነው በሐመሩ?»

ቀስ ብላ «...በሃሌታው» አለች።

እስቲ ወደ ላይ ተመልሳችሁ የጻፍኩትን እዩት። መዲና በተናገረች ቁጥር በሃሌታው፣ እኔ በተናገርኩ ቁጥር በሐመሩ አድርጌ ነው ያሰፈርኩላችሁ። ዓይናችሁ ዘሎት ካለፈ አትዘኑ፤ የእኔም ጆሮ ግማሽ ቀን ዘሎታል፣ ያውም ደመወዝ እየተከፈለኝ።

ታዲያ ስሙ ከተሳሳተ ፕሮግራሙ ለምን «እንዲህ የሚባል ወረፋ አላውቅም» ብሎ አልመለሳትም ትሉ ይሆናል። ይህ ፕሮግራም ጠባዩ እንደ ወሎ ሰው ነው። የማያውቀው እንግዳ ቢመጣበት ማን ነህ ከየት ነህ አይልም፤ ቤት ይከፍታል፣ ያስገባል፣ ያስቀምጣል። መዲና «ሀኪም» ስትለው በዚያ ስም አዲስ ወረፋ ሠርቶ የመጣውን ሁሉ በክብር ያስቀምጥላት ነበር። የእኔው ተቀባይ ደግሞ በጎረቤቱ «ሐኪም» ደጃፍ ላይ ባዶ ወረፋ ሲጠብቅ ዋለ። አንዲት ፊደል ቀየርኩ። አሥራ አንድ ውጤት በአንድ ጊዜ ተንጋጋ፤ የከድጃ ሦስተኛ ነበር።

ሐኪሟ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብላ አነበበች። እኔ የእሷን ፊት አነብባለሁ፤ አልሳቀም። «ኦፕሬሽን ክፍሉን አዘጋጁ» ብላ ወጣች፣ ስትሄድ ልትሮጥ ምንም አልቀራትም። ለካ ያ ሁሉ ሰዓት የሚጠበቀው «ደህና ናት» የሚል ወረቀት አልነበረም።

የቀረውን ጊዜ ከሸሁ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩት። የምሠራው ሥራ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም አልችልም። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነርሷ ወጥታ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ሴት ናት፤ ትንሽዬ ናት ግን ትጮሃለች። እናትየዋም ደህና ናት» አለች። ሸህ እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። ሲነሱ እጄን ይዘው ይመርቁኝ ጀመር። አንተ ባትኖር፣ አላህ ይውደድህ፣ ልጅህ ይባረክ... ምርቃቱ እንደ እሾህ ወጋኝ።

«አባባ፣ አይመርቁኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ስሙን የቀየርኩት እኔ፣ ሳልሞክር የተውኩት እኔ፣ ወረቀቱ ከኮምቦልቻ እንዲጠፋ ያደረግኩትም እኔ።»

«አውቄያለሁ» አሉኝ፣ እጄን ሳይለቁ። «የሌላ ሰው ጥፋት ቢሆን እንዲህ አያልብህም ነበር።» ምርቃቱንም ካቆሙበት ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ እንደ ዘበት ምንም ስም አልቀይርም፤ ከቀየርኩም ሳልሞክር ከወንበሬ አልነሳም። መዲናም አሁን ደውላ «በየትኛው?» ሳትለኝ አንዲት ፊደል አትጽፍም፤ በየትኛውም ፊደል ላይ፣ ለ ላይ እንኳ። ተዉአት፣ ትጠይቅ።

ከሳምንት በኋላ ከድጃ ለስፌቷ ተመልሳ መጣች። ሸህ እንድሪስ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል፤ ስም ወጥቶላታል፣ ክትባት ካርዷ ላይ ይጻፍልን አሉ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ስላልነበረች እኔ ተቀመጥኩ።

«ሐያት» አሉ ሸሁ፣ ከጉሮሯቸው።

ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። ላብ ሲጀምረኝ ይታወቀኛል። ሃሌታውን ብጽፍስ? ነገ ሌላ ቢሮ ሌላ ሰው በሐመሩ ቢፈልጋትስ? «አባባ፣ በየትኛው ሐ ልጻፈው?» አልኳቸው።

ሸህ እንድሪስ ተኝታ የነበረችውን ልጅ ፊቷን ገለጥ አድርገው ተመለከቷት።

«በፈለግኸው ጻፈው ልጄ። ሰው እኮ ናት፤ እናቷ እንዴትም አድርጋ ብትጠራት አቤት ትላለች።»