ክቡር «አንድ አጭር ጥያቄ»

ስብሰባ በተባለ ነገር ሁሉ ላይ፣ ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከተነሳ በኋላ እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አለ። የትም ሂዱ፣ አታጡትም። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከሌለ…» ብሎ ሳይጨርስ ከኋላ ወንበር ጉሮሮ ይጠረጋል። ለእኛ ወረዳ ምክር ቤት የደረሱን ክቡር «አንድ አጭር ጥያቄ» ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን። ጡረታ የወጡ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው፤ ጥያቄያቸው ደግሞ አንድም ቀን አጭር ሆኖ አያውቅም።

እኔ በጋዜጣ ሥራዬ ምክንያት ከዚያ አዳራሽ የማልጠፋ ምስኪን ነኝ። ስለ ቦይ ጽዳት ይነሳ፣ ስለ ትምህርት ቤት አጥር ይነሳ፣ ክቡርነታቸው ነገሩን አዙረው አዙረው የፖሊስ ጣቢያው መኪና ላይ ያደርሱታል። ጣቢያችን ያለችው አንዲት መኪና ናት። የፖሊስን ንብረትና ነዳጅ የሚቆጣጠረው የምክር ቤቱ የጸጥታ ኮሚቴ በየሪፖርቱ «ተሽከርካሪዋ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ናት» ይላል። እውነቱን ነው። ወንበር ታመላልሳለች፣ ድንኳን ትጭናለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፣ የሰብሳቢውን አማት ሐኪም ቤት ታደርሳለች። ፖሊሶቹ በእግራቸው ይሄዳሉ።

የክቡርነታቸው ጥያቄ መኪናዋ ማታ ማታ በዳቦ ፋብሪካው ጀርባ እንድታልፍ ነበር። ሰብሳቢው ሁሌም «ተመዝግቧል ጋሼ» ይሏቸዋል። «ተመዝግቧል» የተባለ ነገር ደግሞ የት እንደሚገባ የምታውቁት ነው።

ሊያመልጧቸው ያልሞከሩት ዘዴ የለም። አንድ ቀን ማይክሮፎኑ ተበላሽቷል ተባለ። ማንን ሊያታልሉ ነው? ክቡርነታቸው ከኮት ኪሳቸው ካቻቢቴ አውጥተው ፈቱት፣ ገጠሙት፣ «ሀሎ፣ ሀሎ» ብለው ሞከሩት፣ ከእጃቸው ሳያወጡም እግረ መንገዳቸውን ጠየቁበት። ያን ቀን አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ዳቦ ፋብሪካው ውስጥ ትሠራለች፣ ከመሸ ነው የምትወጣው። ከፋብሪካው ጀርባ ያለው መንገድ መብራት የለውም። ክቡርነታቸው ባትሪ ይዘው በሩ ላይ ይጠብቋታል፤ እሷ ደግሞ «አባዬ፣ እኔ እኮ ሕፃን አይደለሁም» እያለች በሠራተኞቹ ፊት ታፍራለች። ዘንድሮ ጉልበታቸው ከዳቸውና ደረጃ መውረድ እንኳን ፈተና ሆነባቸው፤ ማታ ማታ በሩ ላይ መጠበቁም ቀረ። ያኔ ጥያቄያቸው ረዘመ።

በመጨረሻ ኮሚቴው ሰለቸውና ፈቀደ። አጨበጨብን። መኪናዋ በዚያ መንገድ እንድታልፍ ተወሰነ። ሥራው ሲጀመር ግን ፎቶ ይነሳ ተባለ፤ ለፎቶ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጠዋት ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን የሚቀይር ጠፋ። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት መብራቷን እያብለጨለጨች ልብስ በሚያሰጡ ሴቶች መሀል ታልፋለች፤ ፎቶዋም አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ክቡርነታቸው ፎቶውን በጣታቸው እያሳዩ ፀሐይ መውጣቷን አስረዱ። መርሐ ግብሩ አንዴ ስለጸደቀ በሚቀጥለው ዓመት ይታያል ተባሉ።

ነገሩ ግን የሚቀጥለውን ዓመት አልጠበቀም። ልጅቷን አንድ ምሽት እዚያው ጨለማ ውስጥ ሌቦች ገፍትረው ጣሏት። ቦርሳዋን ወሰዱ፣ ክንዷ ተሰበረ። መኪናዋ በዚያ ሰዓት ለኮሚቴው ስብሰባ ወንበር ታራግፍ ነበር። ክንዷ ሲድን ልጅቷ ሌላ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ እዚያ መንገድ ላይ ዳግመኛ እግሬን አላሳርፍም ብላለች። ሽማግሌው ብቻቸውን ቀሩ። እስካሁን ያንገበግበኛል። አንድ መንገድ ነው፣ ያውም ማታ ብቻ፣ ምን ነበረበት?

በቀጣዩ ስብሰባ አይመጡም ብለን ነበር። መጡ፣ ግድግዳውን ይዘው፣ የተለመደው ወንበራቸው ላይ። አጀንዳው አለቀ፣ ቦርሳችንን አንጠልጥለን ተነሳን። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ጥያቄ…» ካሉ በኋላ ወደ ኋላ ተመለከቱ። ጉሮሮ ተጠረገ። ያን ቀን ግን እንደ ወትሮው «ኤጭ!» ያለ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ያን ጉሮሮ ስሰማ ምን ያህል ናፍቆኝ እንደነበር ገባኝ።

ሰብሳቢው ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «ጋሼ፣ ልጅዎ እኮ አሁን እዚህ የለችም» አሏቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ክቡርነታቸው። «በእሷ ቦታ የሌላ ሰው ልጅ ተቀጥራለች። ማታ ነው የምትወጣው።»

ይኸው ነበር፤ አጭር ጥያቄያቸውን የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው። ሰብሳቢው «ተመዝግቧል» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተውት። እኔ ቦርሳዬን አውርጄ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ የነበሩትም እንደዚያው።