ታላቁ ዘፈን በአዝራር ስለ ተመረጠበት ጉባኤ

ዘመናትን በመዳፉ የያዘ፥ የተዘፈነውንም ሳይዘፈን የቀረውንም አስቀድሞ የሰማ አምላክ ያውቃል እንጂ፥ ከዘፈኖች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው እንደ ሆነ ከሰው ወገን የሚያውቅ አልነበረም። ይህ ድንቁርና ግን ለዘላለም ይኖር ዘንድ አልተፈቀደለትም። በአንዲት ከተማ፥ ከገበያው ማዶ ባለች ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት፥ በካውያ ወበቅና በጨርቅ ብናኝ መካከል፥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ነገሩን ሊቈርጡት ተነሡ። ምድር ያለዚህ ውሳኔ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ጸንታ ቆመች ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ጥያቄው ተገቢ ነው።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ልብስ ሰፊው ትሑት ሰው ነበር። ደንበኛ ጠበበኝ ቢለው ያሰፋል፥ ረዘመኝ ቢለው ያሳጥራል፤ በማንም ላይ ሐሳቡን አይጭንም፤ ከዘፈን በቀር። በባቡር ጣቢያ ቆሞ የማትመጣ ሴት ስለሚጠብቅ ሰው የሚናገረው ያ ዝግ ያለ ዘፈን ከዓለም ዘፈን ሁሉ እንደሚበልጥ የተጠራጠረ ደንበኛ ግን፥ ለልኬት በቆመበት መርፌ ሳይነካው አይወጣም ነበር።

መከራው የመጣው በሴት ልጁ ሠርግ ነው። ሙሽራው የሰዓት ሠሪው ልጅ ነው። ሰዓት ሠሪው ደግሞ ሱቁ ከስፌት ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ፥ ከልጅነቱ ጀምሮ የልብስ ሰፊው የልብ ወዳጅ ነበር። ሁለቱ አባቶች ስለ አዳራሹ፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ ጥሪ ካርዱ ጀንበር ሳትጠልቅ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ሙሽሮቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ የሚሰማው ዘፈን የቱ ይሁን ተባለ።

«እሱማ ምን ጥያቄ አለው? የባቡሩ ነዋ» አለ ልብስ ሰፊው።

«በሠርግ ቀን? ሰው ልታላቅስ ነው?» አለ ሰዓት ሠሪው። «የጥሩምባው ነው እንጂ ወዳጄ! ያ ጥሩምባ መጀመሪያ ላይ ብቻውን ሲነፋ...»

«ሲነፋ፥ ሲነፋ፥ ሲነፋ! ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ሙሽሮቹ ወልደው ይድራሉ።»

«ያንተዋ ሴትዮስ? እስካሁን ከባቡሩ ወርዳለች?»

ልብስ ሰፊው በሕይወቱ ብዙ ነገር ታግሧል፤ ይህን ግን መታገሥ አልቻለም። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። ሰዓት ሠሪውም «ልጄን ለእንዲህ ያለ ቤት አልድርም» ብሎ ወጣ። ጥበበኛ አባቶች ስለ ልጆቻቸው ደስታ እንዲህ አብዝተው ይጨነቃሉ።

ሙሽሪት አለቀሰች፤ ሙሽራው ምግብ እምቢ አለ። ይህን የሰማው አንቀጽ ከቤቱ ተነሥቶ መጣና ሁሉንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ይህ ሰው ዕድሜውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሰ፥ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሕግ ሳይጠቅስ ውኃ የማይጠጣ ሽማግሌ ነበርና፥ ሰፈሩ የክርስትና ስሙን ረስቶ «አንቀጽ» ይለው ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አለ፤

«ሁለት ዜጎች በአንድ ጥያቄ ሲጣሉ መፍትሔው ሽምግልና አይደለም። ሽምግልና ያስታርቃል እንጂ እውነትን አያስገኝም። ስለዚህ በዚህ ቤት ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰባችሁ ስለ ዘፈን የምትከራከሩ ሁሉ በጉባኤ ተቀምጣችሁ የዘመናትን ሁሉ ታላቅ ዘፈን በድምፅ ብልጫ ትመርጣላችሁ። ያሸነፈው ዘፈን ለሙሽሮቹ መግቢያ ይሆናል። ሁለታችሁ አባቶች ውጤቱን ላትሽሩ ትምላላችሁ፥ መራጩም ሁሉ በኅሊናው ብቻ ሊመርጥ ይምላል።»

ማሉ። ልብስ ሰፊው ሲምል የባቡሩን ዘፈን ድል በዓይነ ሕሊናው ያይ ነበር፤ ሰዓት ሠሪውም የጥሩምባውን። እንዲህ ያለ ፍጹም መግባባት በወዳጆች መካከል ሲሆን ማየት ልብን ያሞቃል።

ሥርዓቱ የስፌት ቤት ሥርዓት ሆነ። ለየዘፈኑ አንድ ክዳኑ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ ተሰጠው፤ እንዳይደባለቁም በየቆርቆሮው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ብጣሽ ጨርቅ ተለጠፈ። መራጩ አንድ አዝራር ይዞ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ ይገባል፤ አዝራሩን ከፈቀደው ቆርቆሮ ይጥላል፤ ይወጣል። በዚህ ላይ አንቀጽ ከልምዱ ጥልቀት አንዲት ደንብ ጨመረ፤

«ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም። ስለዚህ ማንም ሰው ራሱ ላቀረበው ዘፈን አይመርጥም።»

«ይሄ ፍትሕ ነው!» አለ ሰዓት ሠሪው፥ ልብስ ሰፊው ለባቡሩ መምረጥ እንደማይችል ሲገባው።

«ፍትሕ ማለት ይሄ ነው!» አለ ልብስ ሰፊውም፥ በዚያው ምክንያት።

መራጩ ሁሉ የየራሱን ዘፈን አቅርቦ ሲያልቅ አንቀጽ ዞር ብሎ የልብስ ሰፊውን ሚስት አያት። እርሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ የቀሚስ ጠርዝ ትቀመቅም ነበር።

«እመቤት፥ ጉባኤው ሴቶችን አላሳተፈም እንዳይባል እርስዎም አንድ ዘፈን ያቅርቡ።»

«እኔ ምን ዐውቄ? ከጠዋት ጀምሮ አፌ ላይ ያለው የሳሙናው ማስታወቂያ ነው» ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አዜመችው፤ «አረፋው ተስፋፋ፥ እድፉ ጠፋ፥ እጅሽም አይልፋ!»

ጉባኤው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንቀጽ ግን ሕግ አይስቅምና ለሳሙናውም ቆርቆሮ አዘዘለት። ለሴትየዋ ግን አዝራር አልተሰጣትም፤ ተሳትፎ ሲበዛ ጉባኤ ይረዝማል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክር ለትውልድ ሊተርፍ የሚገባው ነበር። አንዱ፥ ታላቅ ዘፈን ማለት ሰውን የሚያስጨፍር ነው አለ፤ ሌላው፥ የሚያስጨፍር ከሆነ ታላቅነቱ አለቀ አለ። ዳቦ ጋጋሪው ስለ ወንዝ የሚዘፈን ዘፈን አቅርቦ ነበርና ግጥሙን በቃሉ ሊያነበንብ ተነሥቶ ከሁለተኛው ስንኝ ላይ ጠፋው። «ይኸው! ጥልቀቱ ይሄን ያህል ነው!» ብሎ ተቀመጠ። ለልኬት የመጣ አንድ ሰው ግማሽ እጅጌ ለብሶ እንደ ቆመ ተረሳ፤ ሲመሽ እንደዚያው ሆኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

የምርጫው ሰዓት ደረሰ። ልብስ ሰፊው አዝራሩን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ገባና ከኅሊናው ጋር ብቻውን ተነጋገረ። «ለጥሩምባው ብሰጥ ጥሩምባው ያሸንፋል። ለወንዙ ብሰጥ ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ በሸጠልኝ ቍጥር ያነሣብኛል። ማንንም ለማይጠቅም ልስጥ። ሌሎቹ የዋሃን ናቸው፤ ለእኔ ለባቡሩ ይሰጣሉ።» አዝራሩንም ከሳሙናው ቆርቆሮ ጣለ። «ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ለእኔ ብቻ ብልሃትን የሰጠህ አምላክ ተመስገን» አለና፥ ከጸሎት እንደ ተመለሰ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ ወጣ። ሰዓት ሠሪው ገባ፤ እርሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪውም፥ የቀሩትም እንዲሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ትሕትና በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም።

አንቀጽ የባቡሩን ቆርቆሮ ገለበጠው፤ ባዶ። የጥሩምባውን፤ ባዶ። የወንዙን፤ ባዶ። የሌሎቹንም፤ ባዶ። አንዱ «ኧረ አዝራሮቹን አይጥ በላቸው እንዴ?» አለ። በመጨረሻ የሳሙናው ቆርቆሮ ተገለበጠና አዝራሩ ሁሉ በመቍረጫው ጠረጴዛ ላይ እንደ በረዶ ወረደ።

እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ተንኰል ወዲያው ተረዳ፤ በሰው ክፋትም እጅግ አዘነ። ግን ማን ይናገር? የተናገረ መሐላውን እንዳፈረሰ ማመኑ ነው። ልብስ ሰፊው ሰዓት ሠሪውን አየ፤ ሰዓት ሠሪው ጣሪያውን አየ።

በዚህ ጊዜ ዳቦ ጋጋሪው አሳለ። «እኔ እንኳ... ድሮም ጥልቀት አለው እል ነበር።»

«አለው እንጂ!» አለ ልብስ ሰፊው፥ ሰምጦ ገመድ እንዳገኘ ሰው።

«ትርጓሜውን እናውጣው ብንል ቀን አይበቃንም» አለ ሰዓት ሠሪው። «አረፋው ተስፋፋ ማለቱ፥ አንድም ፍቅር ሞልቶ መፍሰሱን ነው። አንድም አረፋ ታይቶ ይጠፋልና የዚህን ዓለም ከንቱነት ነው።»

«እድፉ ጠፋ ያለውስ?»

«አንድም የልብ ቂም ነው። አንድም ድንቁርና ነው፤ እንደኛው ያለ።»

«እጅሽም አይልፋ?»

«እሱ ምሥጢር ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጥግ ሴትየዋ ሳቋ አምልጧት መርፌው ጣቷን ወጋት።

ማታ ሙሽሪት አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፥ እኔ በሳሙና ማስታወቂያ ነው የምገባው?»

«ማስታወቂያ አትበዪው የኔ እናት። የዘመናት ታላቁ ዘፈን ነው።»

«ማን አለ?»

«ጉባኤው።»

«ጉባኤው ማነው?»

«እኛ ነና።»

«አንተስ ለሳሙናው ነው የመረጥከው?»

«እኔ በጉባኤው ውስጥ ነኝ እንጂ ጉባኤው አይደለሁም።»

«እንግዲያው ስማኝ» አለች። «አንተ እውነቱን ተናግረህ ካላስቀረኸው፥ ሰው ከሣቀብኝ ከደጃፉ ነው የምመለሰው።»

ልብስ ሰፊው ይህ እንደ መርፌ ወጋው። ተነሥቶ የሰዓት ሠሪውን በር አንኳኳ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

«አንተ... ለየትኛው ነበር የጣልከው?» አለ።

«ኅሊናዬ ወደ መራኝ» አለ ሰዓት ሠሪው። «አንተስ?»

«የእኔም ኅሊና ወደዚያው ነው የመራኝ።»

«ደግ ኅሊና ነው።»

«በጣም።»

ደኅና እደር ተባብለው ተለያዩ። የሴት ልጅ ክብር አንድ ቀን ነው፤ የወንድ ልጅ ኵራት ግን ዕድሜ ልኩን ተንከባክቦ የሚያሳድገው ነው።

የሠርጉ ቀን ፎቅ ላይ ያለው አዳራሽ ሞላ። በሩ ተከፈተ፤ ሙሽሪት አባቷ በገዛ እጁ የሰፋላትን ቀሚስ ለብሳ ከሙሽራው ጋር ብቅ አለች። ታላቁ ዘፈን ተለቀቀ። አጭር ነበርና አንድ እግሯን ሳታነሣ አለቀ። እንደ ገና ተለቀቀ። እንግዶቹ ተያዩ፤ አንዳንዱ አፉን በእጁ ያዘ። ሙሽሪት ደጃፉ ላይ ቀረች፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። የልብስ ሰፊው ልብም ከደረቱ ወርዶ ጫማው ውስጥ ገባ።

ያን ጊዜ እናቷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እያጨበጨበች «አረፋው ተስፋፋ!» አለች። «እድፉ ጠፋ!» ብለው ልጆቹ ተቀበሏት። «እጅሽም አይልፋ!» አለ አዳራሹ በሙሉ፤ ሽማግሌው፥ አስተናጋጁ፥ ዘበኛው ሳይቀር። ቃሉን ያላወቀ አንድ ሰው አልተገኘም። የሙሽሪት ከንፈር ተንቀጠቀጠ፥ ተንቀጠቀጠና በሣቅ ፈነዳ። ሙሽራውን እጁን ይዛ እየዘለለች ገባች። ሳህን ተመታ፤ ወንበር ተገፋ፤ አንዲት አሮጊት ምርኵዛቸውን ጥለው ተሽከረከሩ። እንደዚያ ያለ ደስታ ያየ የለም።

ልብስ ሰፊው ይህን ሲያይ ልቡ ቀለጠ። ማይክራፎኑን ነጥቆ «ወገኖቼ፥ መሐላዬን አፍርሻለሁ! ለሳሙናው የጣልኩት አዝራሬን ለማባከን ነው!» ብሎ አለቀሰ።

«እኔም!» አለ ሰዓት ሠሪው ከወዲያ።

«እኔም በእግዜር!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። አንድ በአንድ ሁሉም ተናዘዙ። ሁለቱ አባቶች ተቃቅፈው ተላቀሱ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ያማረ ነበር።

አንቀጽ ግን ተነሣ።

«መራጮች በሐሰት እንደ መረጡ በአንደበታቸው አምነዋል። ስለዚህ ምርጫው ፈርሷል። ባልተመረጠ ዘፈን የገባች ሙሽራም በሕግ ዓይን ገና ደጃፍ ላይ ናት።»

«ጋብቻውስ?» አለ ሰዓት ሠሪው ደንግጦ።

«ጋብቻው ይጸናል። መግባታቸው ግን አይጸናም። ወጥተው ይጠብቁ፤ እኛ እንደ ገና እንመርጣለን።»

ጉባኤው በአዳራሹ ጥግ ወንበር ሰብስቦ ተቀመጠ። አዝራር ስላልነበረ ከየኮታቸው በጠሱ፤ አንዳንዱም ከሱሪው በጥሶ ወገቡን በእጁ እንደ ያዘ ይከራከር ጀመር። «ባቡሩ አሁን ሊታይ ይገባል!» «ጥሩምባው በአግባቡ አልተሰማም!» ሙሽሮቹም ታዘው ወጡ፤ እንግዳው ሁሉ ግን ተከትሏቸው ወጣ፤ ዘፈኑም አብሯቸው ወጣ። መንገዱ በሳሙናው ዜማ ተሞላ፤ መኪኖች ሳይቀሩ ጡሩምባቸውን በዜማው ልክ ያሰሙ ነበር።

የልብስ ሰፊው ሚስት መጥታ እጅጌውን ጐተተችው። «አንተ ሰውዬ፥ ልጅህ መንገድ ላይ እየጨፈረች ነው፤ ና እንጂ!»

«መጣሁ መጣሁ፤ አንድ ነጥብ ብቻ ናት የቀረችኝ።»

ጥላው ሄደች። የውጪው ጭፈራ እየበረታ መጣ፤ ተከራካሪዎቹም መደማመጥ አቃታቸው። አንቀጽ ጠረጴዛውን መታ፤

«ስለ ዘፈን በምንመክርበት ሰዓት ዘፈን ሊረብሸን አይገባም! ለመስኮቱ የቀረበ ሰው ይዝጋው።»

ለመስኮቱ የቀረበው ልብስ ሰፊው ነበር። ተነሣ፤ ወደ ታች ቢመለከት ልጁ በመንገዱ መካከል ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ትዞራለች። አየችው። ፊቷ በርቶ «አባዬ፥ ውረድ!» እያለች በእጇ ጠራችው። እርሱም በፍቅር እጁን አውለበለበላት፤ መስኮቱንም ቀስ ብሎ ዘጋው። ዘወር ብሎም «ነጥቤን ልቀጥል» አለ።

አንባቢ ሆይ፥ እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክ። ልጆችህን በሣቅ ለመዳር ያብቃህ፤ ያን ቀንም ከጉባኤ ሰውሮ ከጨፋሪዎቹ መካከል ያቁምህ። አሜን።