የአለቃ ክንድና ራሱን የሚገጣጥመው ነገር

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲወራ ዝም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ የምርምር ተቋም በቀኝ ክንዳቸው ብቻ ቀጥ አድርገው ስላቆሙት አለቃ እናውራ።

እዚያ ተቋም አንዲት ወጣት ተመራማሪ ነበረች። ሥራዋ ፔፕታይድ የሚባሉ የፕሮቲን ቁራጮችን መንደፍ ነው፤ እንደ ደብተር ሽቦ የተጠማዘዙ፣ በዓይን ቀርቶ በሕልም የማይታዩ ደቃቆች። የሚገርመው ደግሞ፣ ውሃ ውስጥ ጨምሮ ዞር ላለላቸው ሰው፣ እርስ በርስ ተፈላልገው ይገጣጠማሉ፣ ክር ይሆናሉ፣ ክሩ ውሃውን ይዞ እንደ ጄሊ ያረጋዋል። ለቁስል መሸፈኛ ይሆናል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለመነካት።

አለመነካት ደግሞ አለቃ ዘንድ ስንፍና ይባላል። ጠዋት ጠዋት ከረባታቸውን አስተካክለው ላቦራቶሪ ይገቡና የልጅቷ ፔፕታይድ ያለበትን ብልቃጥ አንስተው ይነቀንቁታል፤ ቿ! ቿ! ቿ!

«ኧረ ጋሼ ይተዉት! ራሱ ነው የሚገጣጠመው።»

«ያለ ክትትል?»

«ያለ ክትትል።»

«ልጄ፣ እኔ ይሄን ወንበር ተኝቼ አላገኘሁትም። ክትትል የሌለው ሥራ ድስት የሌለው ክዳን ነው።»

ይነቀንቃሉ፤ ሊገጣጠም የጀመረው ይበጣጠሳል፤ ውሃው ውሃ ሆኖ ይቀራል። የክትትል ሪፖርቱ ግን ሲያምር!

ገምጋሚዎች የሚመጡበት ቀን ተቃረበ። ውጤት ካዩ የልጅቷ ውል ይታደሳል፤ ካላዩ ዕቃዋን ጠቅልላ እናቷ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ። ምን ታድርግ? አንዷን ብልቃጥ ጓንት የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ሸጎጠቻት። ሌላዋን ለአለቃ ክንድ ተወችላቸው።

ቀኑ ሲደርስ የደበቀቻትን አውጥታ በገምጋሚዎቹ ፊት ገለበጠቻት። ጠብ የሚል የለም! ጄሊው ብልቃጡ ቂጥ ላይ ተጣብቆ ቁልቁል ያያቸዋል። ልጅቷ በደስታ ልትበር ምንም አልቀራት።

«ማን ነው እንዲህ ያረጋው?» አሉ ዋናው ገምጋሚ።

«ማንም። ሳይነካ ስለቆየ…»

«አይ ትሕትና!» አሉ አለቃ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «በዚህ ክንድ ነው። ጠዋት ጠዋት።»

«ሲነቀንቁ በዓይኔ አይቻለሁ!» አለ ምክትላቸው።

«ግን እኮ የነቀነቁት ይሄኛውን አይ—»

«ልጄ፣ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ!»

ገምጋሚዎቹ ክንዱን በየተራ እየዳሰሱ አደነቁ። ከሰዓት በኋላም ውሳኔ ተላለፈ፦ የስኬቱ ምስጢር በአንድ ሰው ክንድ ብቻ መቅረት ስለሌለበት ራሱን የቻለ የነቅናቂዎች ክፍል ይቋቋም፤ ማንኛውም ብልቃጥ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለውም ቢሆን፣ ጠዋትና ማታ ይነቅነቅ።

አመሻሽ ላይ እናቷ ደወለች።

«እህ፣ ምን አሉሽ?»

«ታደሰልኝ እማ።»

«እልልል! እዚያው ምርምሩ ላይ?»

«አይ፣ ነቅናቂ ሆኛለሁ።»

«ምን?»

«ጀማሪ ነቅናቂ። ዋናው እሳቸው ናቸው።»