የወንዙ ሣጥን በአንድ መስኮት

የወረዳችን ታሪክ በሁለት ይከፈላል፤ ሣጥኑ ከመገኘቱ በፊትና ሣጥኑ ከተገኘ በኋላ። ስለ ፊተኛው ዘመን ብዙ የሚነገር የለም፤ ስብሰባ ላይ ነበርን። እኔ የጽሕፈት ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንሁ የምናገረው ሁሉ ማኅተም ያረፈበት ነው።

ጊዜው የሥራ ሂደት ለውጥ የታወጀበት ነበር። ሁላችንም ደሴ ወርደን አሥር ቀን ሠልጥነን፣ ጡብ የሚያህል ሰነድ ይዘን ተመልሰናል። ሰነዱ ማንኛውም ባለጉዳይ በአሥራ አምስት ደቂቃ እንዲስተናገድ ያዝዛል። ኃላፊያችን አቶ ወርቅአገኘሁ በጣም ከማክበራቸው የተነሳ ከፍተውት አያውቁም፤ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ጠረጴዛቸው ላይ ይኖራል።

አያ አዝመራው የአራት ዓመት ባለጉዳያችን ናቸው። ከአሸተን ማርያም በላይ ያለው ተራራ ጥብቅ ስፍራ ሲሆን፣ ወንዝ ዳር የነበረች የግጦሽ መሬታቸው ወደ ውስጥ ተካለለች። ምትክ ይሰጣቸው ተባለ፤ ፋይላቸው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በሬዎቻቸው የሚግጡት በጎረቤት ምሕረት ነው። እርሳቸው ዓርብ ዓርብ እየመጡ ይጠይቃሉ፤ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ውባንቺም ሳይሰለቹ «እየተፈለገ ነው» ይሏቸዋል።

አንድ ዓርብ አያ አዝመራው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ታቅፈው መጡ።

«ፈረንጆች ወንዙ ዳር ድንጋይ ሥር ሸሽገውት ሲሄዱ አየሁ። ለመንግሥት ላስረክብና በዚያው ስለ ፋይሌ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሣጥኑ ሲከፈት ደብተር፣ እርሳስ፣ የቁልፍ መያዣና አንዲት የፕላስቲክ እንቁራሪት ተገኙ። እንቁራሪቷ ብቻዋን አንድ ሰዓት ፈጀች፤ ከጥብቅ ስፍራው እንስሳ ማውጣት ክልክል ነውና። በመጨረሻ «አንዲት እንቁራሪት፣ ሕይወት የሌላት» ተብላ በሙሉ ድምፅ ተመዘገበች።

ነገሩን እንዲያስረዳ ከላሊበላ ምሥጋናው የሚባል አስጎብኚ ተጠራ።

«ጨዋታ ነው» አለ። «አንዱ ይደብቃል፤ ቦታውን በሳተላይት ለክቶ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ከአገሩ ድረስ መጥቶ ይፈልጋል። ያገኘ ደብተሩ ላይ ይፈርማል። ዕቃ የወሰደ በምትኩ ሌላ ያስቀምጣል። ሣጥኑ ግን በነበረበት ይመለሳል።»

«ይህን ሁሉ ደክመው ሲያገኙ ምን ይሰጣቸዋል?»

«ምንም።»

«እኛም የምንፈልገው እንዲህ ያለ ባለጉዳይ ነው» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ በአድናቆት።

ምሥጋናው ሣጥኑ ወደ ወንዙ እንዲመለስ ለመነ። አልተቻለም። «ፈላጊ ገደል ለገደል የሚንከራተትበት ዘመን አክትሟል፤ አገልግሎቱ በአንድ መስኮት ይሰጥ» ተብሎ ተወሰነ። ሣጥኑ ማኅተም ተመታበት፤ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ ምሥጋናውም አዲሱን ቦታ እያዘነ ኢንተርኔት ላይ አወጣ።

በወሩ፣ ዕለቱ ዓርብ ነው፣ አንዲት ጀርመናዊት በሳተላይት ቦታ የሚጠቁም መሣሪያዋን በእጇ ይዛ፣ የተራራ ጫማዋን ተጫምታ፣ ምሥጋናውን አስከትላ መዝገብ ቤታችን ገባች። ወይዘሮ ውባንቺ ልማድ ሆኖባቸው «እየተፈለገ ነው» አሏት። ሴትየዋ ሲተረጎምላት ደስ አላት፤ ራሷ ልትፈልግ ገባች። ሦስት ሰዓት ሙሉ አቧራ ስትቅም ቆይታ፣ ከመደርደሪያው እግር ሥር የተሸጎጠ ነገር አይታ ሳበችው። መደርደሪያው ተንገዳገደ፤ ሣጥኑም ከላይ ወርዶ እግሯ ሥር ዱብ አለ። ፈረመች፤ እንቁራሪቷን ወስዳ የኪስ ባትሪ ተካች። የሳበችውን ደግሞ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ለተቀመጡት ሽማግሌ ሰጠቻቸው።

መደርደሪያው እንዳይወዛወዝ አራት ዓመት ሙሉ ደግፎ የያዘው የአያ አዝመራው ፋይል ነበር። ስማቸውን ሽፋኑ ላይ ሲያዩ እንባቸው መጣ። በሩጫ አቶ ወርቅአገኘሁ ቢሮ ገቡ።

«ፋይሌ ተገኘ፣ ጌታው።»

«ማን አገኘው?»

«ፈረንጇ።»

«በየትኛው ደብዳቤ?»

አያ አዝመራው ፋይሉን ዘረጉላቸው።

«ይኸውልዎ አያ አዝመራው፣ ጨዋታው ሕግ አለው። የተገኘ ነገር በነበረበት ይመለሳል። ዓለም አቀፍ ሕግ ነው፤ እኛ ብንጥሰው ዓለም ምን ይለናል? ደግሞም መደርደሪያው ይወድቃል።»

«ልመልሰው?»

«በገዛ እጅዎ።»

ይህን ብለው አቶ ወርቅአገኘሁ ከጀርመናዊቷ ጋር ፎቶ ሊነሱ ወጡ፤ እኛም ተከትለን ወጣን። ስንመለስ አያ አዝመራው ጉልበታቸውን እያራገፉ ከመዝገብ ቤት ብቅ አሉ። መደርደሪያው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ሕጉን አንድ ሳላስቀር ጠብቄያለሁ» ብለው ተሰናበቱን። እኔም «ባለጉዳዩ ስለ ሕግ አክባሪነታቸው ተመሰገኑ» ብዬ በቃለ ጉባኤ ያዝሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ከዞን ደብዳቤ መጣ፤ ምትክ መሬቱ በሦስት ቀን ውስጥ ይሰጣቸው የሚል። የአያ አዝመራው ፋይል አባሪ ሆኖ ተያይዟል።

«ሐሰት ነው፤ ፋይሉ እኛ ዘንድ ነው» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ። መዝገብ ቤት ገብተን ጎንበስ አልን። ከመደርደሪያው እግር ሥር፣ በላስቲክ እንደተጠቀለለ፣ የሥራ ሂደት ለውጡ ሰነድ ተሸጉጧል። ለካ ከጠረጴዛው ሲነሳ ማንም ልብ አላለም። የወሰደ ይተካል የሚለውን ሕግ ያኔ አስታወስን።

አቶ ወርቅአገኘሁ ሊስቡት ሞከሩ፤ መደርደሪያው ሲጢጥ አለ፤ ተዉት። አያ አዝመራው መሬታቸውን ተረከቡ፤ ሰነዱም እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ደሴ ድረስ ወርደን ካመጣነው ወዲህ አገልግሎት ሲሰጥ ያየነው ያኔ ነው።