«ተርትሪው እናትየ» ባይዋ እትዬ እታለማሁ

ስለ ድፍረቴ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ጻፊ ተብዬ የምለመን ሰው አይደለሁም፤ እንጅባራ ገበያ ድንች የምሸጥ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ሜላት ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ማታ ማታ ከጎኗ ተቀምጬ ነው። እሷ አልፋኝ ሄደች፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። ስጽፍ ፊደሎቼ የእንጅባራ ብርድ እንደያዛቸው ሰዎች ተጠጋግተው፣ ተቃቅፈው ይቆማሉ። ሜላት «እማ፣ ትንሽ አራርቂያቸው እንጂ፣ አየር ይግባቸው» ትለኛለች። እንጃ፣ ካራራቅኳቸው የሚወድቁ ይመስለኛል። ቢሆንም ስለ እኚህ ሴት እኔ ካልጻፍኩ ማን ይጽፋል? የተማሩት ሁሉ ይፈሯቸዋል።

እንግዲህ ሰው ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው። ሲያገኛችሁ ፊታችሁን የሚያይ አለ፤ ሲያገኛችሁ የእጃችሁን ሥራ የሚያይ አለ። ይኸኛው ከየትም ሰፈር አይጠፋም። ወጣችሁን ቀምሶ «ጨው ረስተሻል» የሚለው እሱ ነው። አዲሱን አጥራችሁን አይቶ ዝም ይልና፣ ሊሄድ ሲል «ወደ ግራ አላዘነበለም?» የሚለውም እሱ ነው። ለሌላው ሰፈር ማን እንደደረሰው አላውቅም። ለእኛ የደረሱን እትዬ እታለማሁ ናቸው።

ክብርት እትዬ እታለማሁ፤ የሹራብ ዲዛይነር፣ የክር ጠቅላይ አዛዥ፣ ከዳንግላ እስከ አዘና ያለ የተሰበረ ጃንጥላ ሁሉ ሕጋዊ ወራሽ።

የጃንጥላው ነገር እንዲህ ነው። እትዬ ለሴቶች የሹራብ ሥራ የሚያስተምሩበትን መርፌ ከሱቅ አይገዙም። የጃንጥላ ሽቦ ይነቅሉና ጫፉን ድንጋይ ላይ ስለው፣ በጨርቅ አሽተው ለተማሪ ያድላሉ። የእኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ንፋሱ ጃንጥላ ሲገለብጥ አይራራም። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር እትዬ በረንዳቸው ላይ ይቆሙና መንገደኛውን እንደ ጥንብ አንሳ ይጠብቁታል። አንድ ቀን መምህር ይሄይስ ከተገለበጠ ጃንጥላ ጋር ሲታገሉ አዩአቸው።

«መምህር፣ አይልፉ! ነፍሱ ወጥታለች፣ አምጡልኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ ገና ዛሬ መግዛቴ ነው!»

«ዕድሜው ይችው ነበረች። እግዜር ያጽናዎት» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። መምህሩ ሰጥተው በዝናብ እየተመቱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ምን ያድርጉ፣ ለቅሶ ደርሰዋቸው የለ?

ሁለተኛው ጌጣቸው ባጅ ነው። ባሕር ዳር ለባዛር የሄዱ ጊዜ አንገታቸው ላይ በገመድ ያንጠለጠሉላቸው፣ «ተሳታፊ» የሚል ካርድ ነው። ባዛሩ ካለፈ ስንት ክረምት ሆነ፤ ካርዱ ግን ከአንገታቸው አልወረደም። ገበያ ይዘውት ይወጣሉ፣ ልቅሶ ይዘውት ይደርሳሉ። ልቅሶ ላይማ አንድ ቀን አፍንጫቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ እንባቸው እየወረደ፣ ከፊታቸው የተቀመጠችውን ሴት የሹራብ ጠርዝ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ሲመልሱ አይቻለሁ። ሴትዮዋ ሲያጽናኗት መስሏት ባሰባት።

ባዛር ሲሄዱ ስለ መሸጡ ግድ የላቸውም። የሰው ድንኳን ይገቡና የተሰቀለውን ሹራብ ገልብጠው ውስጡን ያያሉ። «የሹራብ እውነቱ በስተውስጥ ነው» ይላሉ። ከዚያ ባለድንኳኗን ክፉ ነገር ሊነግር እንደመጣ ሐኪም እያዩ፣

«ማነው የሠራው?»

«ፋብሪካ ነው እናቴ።»

«በይ ለፋብሪካው ንገሪው፤ ይተርትረው።»

ተርትሪው የማይሉት ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ አጎንብሳችሁ የሠራችሁትን ያነሱታል፣ ወደ ብርሃን ያቀርቡታል፣ ራሳቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። አሁን አመሰገኑኝ ስትሉ፣ በማር በተለወሰ ድምፅ፣ «ተርትሪው እናትየ» ይላሉ። ሲቆጥሩ በአውኚ ነው፤ ሲቆጡ በአማርኛ። እኔ አውኚ የምሰማው በጭንቅ ስለሆነ ቁጥራቸውን አልከተለውም፤ ቁጣቸው ግን አንድም ቀን አምልጦኝ አያውቅም።

እሳቸውስ አይሳሳቱም? ይሳሳታሉ እንጂ። ለጥር የፈረሰኞች በዓል ደረቱ ላይ ፈረስ ያለበት ሹራብ አወጡ። አያ አየነው የሚባሉ ስመ ጥር ፈረሰኛ ለበሱት፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቁልቁል አዩት፣ ቆይተውም፣

«እታለማሁ፣ ይቺ እኮ አህያ ናት!» አሉ።

የአዊ ፈረሰኛ ደረት ላይ አህያ መጫን ቀላል ነገር አይደለም። እትዬ ግን ዓይናቸውን አላሹም።

«ውርንጭላ ነው አያ አየነው። ሲታጠብ ያድጋል።»

አያ አየነው አምነው ለብሰውት ሄዱ። እስከ ዛሬ ያጥቡታል መሰለኝ።

ታዲያ እኚህ ሴት ቤት አይቀመጡም። ዛሬ ጥሊሊ ያስተምራሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አዘና፣ ከዚያ ደግሞ ዳንግላ። የሚጓዙት በሚኒባስ፣ ከእሳቸው በሚበልጥ የክር ጆንያ ታጅበው ነው። ረዳቱ ሁልጊዜ ይጨቃጨቃል።

«እትዬ፣ ጆንያው የሰው ቦታ ያዘ።»

«አንተ፣ ና እስቲ ወዲህ። ይሄ ክርንህ ምን ሆኖ ነው?»

በቃ። የተቀደደውን እጅጌ ይይዙና ከጉያቸው ኪሮሻቸውን፣ ያቺን አፏ ቆልመም ያለች መርፌ፣ ያወጣሉ። ያ ሁሉ ፂም ያበቀለ ረዳት አንድ እጁ በእትዬ እጅ፣ ራሱ በመስኮት፣ «ጥሊሊ! ጥሊሊ!» እያለ ይጮኻል። ሰው ሊያወርድ ሲነሳ ክሩ ይስበዋል።

«እትዬ ልቀቁኝ፣ ወራጅ አለ!»

«ክር ይዞህ የት ትሄዳለህ? ብትነሳ እስከ ብብትህ ነው የሚተረተር። ቁጭ በል!»

አንድ ቀን ሾፌሩ ራሱ ዞሮ መጥቶ በር ከፈተ። ስለ ጆንያው ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም።

እኔን ያገኙኝ ድንች ስሸጥ ነው። ብርድ አንቀጥቅጦኝ አዩኝና «ነይ ሹራብ ልበሺ» አላሉኝም፤ «ነይ ሥሪ» አሉኝ። ሄድኩ። እምቢ ለማለትም እኮ መናገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ሹራቤን ለሜላት ሠራሁላት፤ አንገትጌው ግንባሯ ላይ ደርሶ አልወርድም አለ። ስናወጣው ጆሮዋ በርበሬ መስሏል።

«እጅሽ ፈሪ ነው ወርቄ» አሉኝ እትዬ። «ክሩን አነቅሽው። ሰው እኮ እንደ ጠባዩ ነው የሚሠራ። ለቀቅ አድርጊው፣ ይተንፍስ።»

እውነታቸውን ነው። እኔ ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ይመጣና ጉሮሮዬ ላይ ይጠብቃል። ድንች እንኳ የምሸጠው ዝም ብዬ ነው፤ ገዢው ይጠይቃል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ድንች ደግሞ ደግ ነው፣ ስለ ራሱ ይናገራል።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ጥሊሊ ላይ እኔና ሴቶቹ የምንማርበት ክፍል የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በትውስት ነው የተሰጠን። ዳንግላ በሚደረገው ባዛር ሹራብ የሚያሠራን ደንበኛ ከተገኘ ክፍሉ ለእኛ ይጸናልናል፤ ካልተገኘ ማዳበሪያው ይመለሳል፣ ሴቶቹም መርፌያቸውን ይዘው ወደየቤታቸው። እትዬ ይህን እንደ ቀልድ ነበር የሚያወሩት። «ማዳበሪያውም ለማሳደግ ነው፣ እኛም ለማሳደግ፤ አብረን እንኖራለን» ይሉ ነበር። ነገር ግን ባዛሩ ሲቃረብ እየሠሩ መቁጠር ተዉ፤ በአውኚም በአማርኛም ዝም አሉ።

የባዛሩ መጨረሻ ቀን ከድንኳናችን ወጡ። የት እንደሄዱ ታውቁታላችሁ፤ የጎረቤት ሹራብ ሊገለብጡ ነው። «ሰው ከመጣ አናግሪው» ብለውኝ ሄዱ። መቼም ይቺን ትእዛዝ ለእኔ ከመስጠት ለጆንያው ቢሰጧት ይሻል ነበር።

ሰው መጣ። ናርዶስ የምትባል፣ ባሕር ዳር ትልቅ ሱቅ ያላት ሴት ናት። የተማሪ ሹራብ የሚሠራላት እየፈለገች መሆኑን ባዛሩ ሁሉ ሲያወራው ነው የሰነበተው።

«የጥሊሊ ሴቶች እናንተ ናችሁ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«የተማሪ ሹራብ በብዛት ትችላላችሁ? ክረምት ሳይገባ ታደርሱልኛላችሁ?»

ቃሉ መጣ። ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። እንደ ሜላት አንገትጌ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፈገግ አልኩላት። ፈገግታ ደግሞ ሹራብ አይሸጥም።

«አልተግባባንም መሰለኝ» አለች፣ በክፋት ሳይሆን። «በይ ደህና ሁኚ። ነገ በጠዋቱ መኪና ተመላሽ ነኝ።»

እትዬ ተመልሰው የሆነውን ከጎረቤት ድንኳን ሰሙ። አሁን ጮኹብኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልጮኹም። ስገልጥ፣ ያን ባጅ ከአንገታቸው አውልቀው ገመዱን እየጠቀለሉ ነው። ቀስ ብለው ከክሩ ጆንያ ውስጥ ከተቱት። እትዬን ያለ ባጅ ማየት ቤተ ክርስቲያንን ያለ ጉልላት እንደማየት ነው። ቢቆጡኝ ምንኛ በወደድኩ!

ያደርነው ዳንግላ ዘመዳቸው ቤት ነው። እራት ቀርቦ እኔ ጉርሻው አልወርድ አለኝ።

«እትዬ፣ አበላሸሁብዎ» አልኳቸው በመከራ።

«ምኑን?»

«ሁሉን ነዋ።»

«ወርቄ፣ ስንት ጊዜ አስተርትሬሻለሁ?»

«ኧረ እሱማ… ማን ቆጥሮት።»

«አንድ ክር ጠፍቶብሽ ያውቃል? ሲተረተር ክሩ የት ይሄዳል፤ እዚያው ጉልበትሽ ላይ አይደለም የሚቀር?»

«እዚያው ነው።»

«እንግዲያ ምን ያስለቅስሻል? ተርትሪውና እንደገና ጀምሪ እናትየ። ብዪ።»

ያን ሁሉ ዘመን ይህን ቃል ስድብ ነው እያልኩ ስሰማው ኖሬያለሁ። እሳቸው ግን እንደዚያ ብለው ጉርሻ አጎረሱኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ጣቶቻቸው ነጠላው ላይ፣ መርፌም ክርም ሳይዙ፣ ዝም ብለው ይሠሩ ነበር። እኔ እኚህን ሴት እንደምወዳቸው የዚያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ለራሳቸው አትንገሩብኝ፤ ይህንንም ወደ ብርሃን አቅርበው ያዩታል።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሳይነሱ ኪሮሻቸውን ከጆንያው ወስጄ መናኸሪያ ሄድኩ። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ሞልቶ ሊወጣ ነው። ሴትዮዋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ፊቷ ቆምኩና አፌን ከፈትኩ። እንፋሎት ብቻ ወጣ።

«አንቺ የትናንቷ አይደለሽም?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። ያን ጊዜ የሹራቧን እጅጌ አየሁት፤ ጠርዙ ተፈትቶ ክሩ ወጥቷል። እጄ ከአፌ ቀደመ። እጅጌዋን ያዝኩ፣ ኪሮሹን አስገባሁ፣ መሥራት ጀመርኩ።

«ኧረ ባክሽ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እናት፣ ልቀቂያት! መሄዳችን ነው!» አለ ረዳቱ።

«ክር ይዟታል! የት ትሄዳለች?» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው። ከሰዎቹ ሁሉ ይበልጥ የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

ከዚያማ ጫፉ እንደተገኘ ክር ተከታትሎ መጣ። «እንሠራለን። የጥሊሊ ሴቶች ይችላሉ። ክረምት ሳይገባ ይደርስልዎታል። ጠማማ ከሆነ ደግሞ ለእርስዎ አይመጣም፤ አስተማሪያችን ያስተረትሩናል፣ እንደገና እንሠራለን፣ እንደገና ያስተረትሩናል…» ማቆሚያው ጠፋኝ።

ሴትዮዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እጅጌዋን አየች።

«ይሄስ? አለቀ?»

ወደ ብርሃን አቀረብኩት። ራሴን ዘንበል አደረግኩ። ጠብቋል፤ የፈሪ እጅ ነው።

«አላለቀም» አልኳት። «ይተርተር እናትየ።»

ሳቀች። እየሳቀች ቦርሳዋን አነሳችና ወረደች። እኔ እጅጌዋን እንደያዝኩ፣ ከኋላችን ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ መጮህ ጀመረ፦

«ባሕር ዳር አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!»